ጭሱ ቀድሞ ይደርሳል፦ ስለ ቤት ቃጠሎ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ቤት ሲቃጠል የሁሉም ዓይን የሚያርፈው ነበልባሉ ላይ ነው። በቤት ቃጠሎ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹን የሚገድላቸው ግን ጭሱ ነው። ብዙዎቹም የሚሞቱት ነበልባሉ እነሱ ያሉበት ክፍል ሳይደርስ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በጭንቅ ሰዓት መውጣት ሲገባው ዕቃ ያወጣል፣ መዝጋት ያለበትን በር ይከፍታል። ከጎረቤትም ከዘመድም ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች እነዚህ ናቸው።

«እሳቱ ገና ትንሽ ነው፣ ጊዜ አለን»

በአያቶቻችን ቤት ይህ አባባል እውነትነት ነበረው። የእንጨት ወንበርና የጥጥ ፍራሽ ቀስ ብለው ነው የሚነዱት። የዛሬ ሳሎን ግን የስፖንጅ ሶፋ፣ ሰው ሠራሽ ምንጣፍና የፖሊስተር መጋረጃ ነው፤ አብዛኛው ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ነው። ዩ ኤል የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ምርመራ ተቋም አንድን ክፍል በድሮ ዕቃ፣ ሌላውን በዘመኑ ዕቃ ሞልቶ አቃጥሎ አወዳድሯቸዋል። የድሮው ክፍል ሙሉ በሙሉ ለመያያዝ 29 ደቂቃ ገደማ ወሰደበት። የዘመኑ ክፍል 4 ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ትኩሱ ጭስ ኮርኒሱ ሥር እየተከማቸ ይወፍራል። ሙቀቱ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ወላፈኑ ከላይ ወደ ታች እየገረፈ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንዴ ያቀጣጥለዋል። የሶፋው ጫፍ ላይ ብቻ የነበረው እሳት በሰከንዶች ውስጥ የመላው ክፍል እሳት ይሆናል። ከዚያ በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ በሕይወት የሚቆይ ሰው የለም።

«ጭስ የነደደ ነገር ነው፣ ራሱ አይነድም»

ይነዳል። ሻማ እፍ ብላችሁ አጥፉና ከክሩ በሚወጣው ነጭ ጭስ ላይ ክብሪት አስጠጉ፤ እሳቱ ጭሱን ተከትሎ ወርዶ ሻማውን መልሶ ያበራዋል። ኮርኒስ ሥር የተከማቸ ጥቁር ጭስም አየር እስኪያገኝ የሚጠብቅ ነዳጅ ነው።

«ነበልባል ያልነካው ነገር አይቀጣጠልም»

ምድጃ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው እሳቱ ሳይነካው ቅልጥሙ ይለበለባል። በትልቅ ቃጠሎ ይኸው ወላፈን መንገድ ተሻግሮ የጎረቤትን መጋረጃ ማንደድ ይችላል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ እንደተነሳው ባለ ቃጠሎ፣ ሱቆቹ ተጠጋግተው በተሠሩበትና ጨርቅ በተከመረበት ቦታ፣ ወላፈኑም በነፋስ የሚበር ፍንጣሪውም ነበልባሉን ይቀድሙታል። በሱቆች መካከል ክፍተት ይኑር የሚባለው ለዚህ ነው። ክፍተቱ ላይ ዕቃ ከተደረደረበት ግን ክፍተት መሆኑ ቀረ።

«ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው»

ትኩስ እስከሆነ ድረስ እውነት ነው። በሚቃጠል ክፍል ውስጥ ወለሉ አካባቢ 38 ዲግሪ ሲሆን፣ ቆሞ በሚሄድ ሰው ዓይን ከፍታ 300 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ የተሳበ እንዲህ ያለ አየር የመተንፈሻ ቱቦን ያቃጥላል። ስለዚህ በእጅና በጉልበት እየዳሁ መውጣት ያድናል። ግን ጭሱ በረጅም ኮሪደር ሲጓዝ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ወደ ወለሉ ይወርዳል። ከእሳቱ የራቀ ሰው «እዚህ አይደርስም» ሲል ጭሱ ከእግሩ ሥር ያገኘዋል።

ፎቅ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በኅዳር ወር 1980 እ.ኤ.አ. ላስ ቬጋስ በሚገኘው ኤም ጂ ኤም ግራንድ ሆቴል የተነሳው እሳት 85 ሰዎችን ገደለ። እሳቱ የነበረው ታች፣ ካሲኖው አካባቢ ነው። አብዛኞቹ የሞቱት ግን ላይኛዎቹ ፎቆች ላይ፣ ነበልባል ባልደረሰበት ቦታ ነው፤ ጭሱ በደረጃው፣ በሊፍቱ ጉድጓድና በአየር ማስተላለፊያው ወጣባቸው። በእሳት ጊዜ ሊፍት አትግቡ ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

«ጭስ ሲሸተኝ እነቃለሁ»

እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው በጭስ ሽታ ይነቃል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ጋዝ ደግሞ እንቅልፉን ያከብደዋል። የሚቀሰቅሰው የጭስ ማስጠንቀቂያ ድምፅ ነው። በውጭ አገር የምትኖሩ፣ ወጥ ሲጠበስ ጮኸ ብላችሁ ባትሪውን አታውጡ።

«ከሰሉ ፍም ከሆነ አይጎዳም»

ብዙ ሰው የሚያጠፋው አመለካከት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፍበት። ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላ ወደ መኝታ ቤት ቢገባ ችግር የለውም ይባላል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። የምናየው ጭስ አለቀ ማለት ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም፤ ፍሙ እስኪጠፋ ድረስ ይወጣል። ደማችን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ትንሽ በትንሽ እየተጠራቀመ ለአንጎልና ለልብ የሚደርሰውን ኦክስጅን ያሳጣል።

«ከባድ ስለሆነ መሬት ላይ ይቀራል፣ አልጋ ላይ የተኛ አይነካውም» የሚሉም አሉ። ጋዙ ከአየር በጥቂቱ ይቀላል፤ በክፍሉ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ይደባለቃል። «ወተት ያረክሰዋል» የሚባለውም አይሠራም፤ ወተቱ የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው፣ መርዙ ያለው ደም ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ንጹሕ አየር፣ ቀጥሎም ሐኪም ቤት የሚሰጥ ኦክስጅን ነው። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ያጥራል። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸውና ካቅለሸለሻቸው ምች ነው ብላችሁ አትተኙ፤ ውጡ።

ስደት ላይ ላሉትም ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ቴክሳስ በበረዶ ተመትታ መብራት ሲጠፋ፣ ሰዎች ለሙቀት ብለው የከሰል መጥበሻ ቤት አስገቡ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሱ። በጋዙ ከሞቱት መካከል በሂዩስተን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት።

«እርጥብ ጨርቅ አፍ ላይ ማድረግ ይበቃል»

ጥቀርሻውን በመጠኑ ያስቀራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ከሚነድ ስፖንጅ የሚወጣውን ሳያናይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ግን አያስቀርም። ጨርቅ ፍለጋ የሚጠፋው ደቂቃ ይበልጥ ይጎዳል። እርጥብ ፎጣ ጥሩ አገልግሎት የሚሰጠው መውጣት ያልቻለ ሰው በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ሲደፍንበት ነው።

«ጭሱ እንዲወጣ በሩን ክፈቱት»

ደግ አሳብ ነው፣ ውጤቱ ግን ክፉ ነው። አየር አጥቶ የተዳከመ እሳት በር ሲከፈትለት ነፍስ ይዘራል፤ አንዳንዴም የተጠራቀመው ጭስ በአንዴ ፈንድቶ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ይበላዋል። በሩን ከመክፈታችሁ በፊት በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ትኩስ ከሆነ አትክፈቱት።

የተዘጋ በር ምን ያህል እንደሚያድን ብዙ ሰው አይገምተውም። በዩ ኤል የቃጠሎ ሙከራዎች፣ በሩ ክፍት የነበረው መኝታ ቤት ከ500 ዲግሪ በላይ ሲግል፣ በሩ የተዘጋው 38 ዲግሪ አካባቢ ቆየ። በተራ የእንጨት በር! በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ 72 ሰዎች የሞቱበት የግሬንፌል ሕንፃ ቃጠሎም ይህን በመራራ መንገድ አሳይቷል፤ ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። ከ4ኛ ፎቅ ኩሽና የወጣው እሳት የግድግዳውን ልባስ ይዞ በ20 ደቂቃ ገደማ ጣሪያው ላይ ደረሰ። ምርመራው ካገኛቸው ነገሮች አንዱ፣ ብዙዎቹ የመኖሪያ በሮች ራሳቸውን የሚዘጉበት መሣሪያ የሌላቸው ወይም የተበላሸባቸው መሆኑ ነው፤ ሰዎች ሸሽተው ሲወጡ በሮቹ ክፍት ቀሩ፣ ጭሱም ወደ ኮሪደሩ ፈሰሰ።

ስለዚህ ማታ የመኝታ ቤት በር ዘግታችሁ ተኙ። መስኮቱ የሌባ መከላከያ ብረት ካለው፣ ቢያንስ አንዱ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ቁልፉም ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ይንጠልጠል። ስትወጡ በሩን ከኋላችሁ ዝጉ፣ ለዕቃ አትመለሱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉና ውስጥ ሰው ቀርቶ እንደሆነ፣ ስንተኛ ፎቅና በየትኛው ክፍል እንዳለ ንገሯቸው።