«አንድ ቀን እንኳ አልታሰርኩም» ለምን አይበቃም?
በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ «ከአንድ ዓመት በላይ በሚያሳስር ወንጀል» የተፈረደበት ሰው መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይችልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚታየው የታሰረበት ጊዜ ሳይሆን ዳኛው ሊፈርድበት ይችል የነበረው ነው። የተፈረደበት አንቀጽ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ከሆነ፣ በገደብ ተለቆ የእስር ቤት ደጃፍ ያልረገጠም ተከልክሏል። መሣሪያ ሲገዛ የሚሞላው ቅጽ 4473 ይህንኑ ይጠይቃል፤ ሳያነቡ «የለም» ላይ ምልክት ማድረግ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ስቴቱ ቀላል ወንጀል የሚለውና ቅጣቱ ከሁለት ዓመት የማይበልጠው ግን አይቆጠርም። የትዳር ጓደኛን መምታት ከዚህ የተለየ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ቀላል ወንጀል ቢባልም ያስከለክላል።

መብቱ በይቅርታ፣ በፍርድ መሰረዝ ወይም የዜግነት መብት ሲመለስ ሊመለስ ይችላል፤ ይህ የተሰጠበት ወረቀት ላይ «መሣሪያ ግን አይዝም» የሚል ቃል ከሌለበት።