ኒውሮቦሬሊዮሲስ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

በመዥገር ንክሻ ስለሚመጣው የላይም በሽታ «ላይም አንጎሉን በልቶት ነው» የሚል ፍርድ ሰሞኑን እንደገና ሰማሁ። ማስረጃው ሁለት ነው፤ ሰውየው ይደክመዋል፣ የላይም የደም ምርመራውም ፖዘቲቭ ሆኗል። በዚህ ሒሳብ ላይም በብዛት በሚገኝባት የአሜሪካ ግዛት፣ በኮነቲከት ውስጥ ጤነኛ አንጎል ያለው ሰው ባልተገኘ ነበር።

ኒውሮቦሬሊዮሲስ የሚባለው በመዥገር የሚተላለፈው የላይም ባክቴሪያ የነርቭ ሥርዓትን ሲያጠቃ ነው። የነርቭ ሥርዓት ሁሉ ግን አንጎል አይደለም፤ ጠቤም ከዚህ ይጀምራል። አንጎልና ህብለ ሰረሰር ግቢ ውስጥ ያለ ቤት ናቸው እንበል። ሽፋናቸው አጥሩ ነው፤ ነርቮቹ ከግቢው ወደ መንደር የሚወጡ መንገዶች ናቸው። ላይም አብዛኛውን ጊዜ የሚያውከው መንገዱንና አጥሩን ነው። የፊት ነርቭ ሲታመም ፊት በአንድ በኩል፣ አንዳንዴም በሁለቱም በኩል ይዝላል። የነርቭ ሥሮች ሲቆጡ ሌሊት የሚብስ የጀርባና የእግር ሕመም ይመጣል፤ ሽፋኑ ሲቆጣ ደግሞ ራስ ምታት። (አጥሩም የቤቱ ነው የሚለኝ ካለ እውነት አለው፤ እኛም የሽፋኑን ሕመም ከማዕከላዊው የነርቭ ሥርዓት እንቆጥረዋለን።) ሌባው ሳሎን መግባቱ፣ ማለትም ባክቴሪያው አንጎልን ወይም ህብለ ሰረሰርን ራሱን ማቁሰሉ፣ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። ሲገባም በድካም ብቻ አያልፍም፤ እግር ይከብዳል፣ አረማመድ ይዛባል፣ ሽንት ያስቸግራል።

«ታዲያ ሐሳቤ ለምን ይበታተናል?» መንደር ሲታመስ ሌባ ያልገባበት ቤትም እንቅልፍ ያጣል። ሳንባ ምች የያዘው ሰውም ይፈዝዛል፤ ሳንባ ምች አንጎሉን በላው የሚል ግን አልሰማሁም። ድካሙ የውሸት ነው አላልኩም።

ስለ ደም ምርመራው፦ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ጀርምን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን፣ ሰውነት ባክቴሪያውን አንድ ጊዜ እንዳወቀው ይመሰክራል፤ ከዳኑ በኋላም ለዓመታት ይቆያል። በቅማል የሚተላለፈው፣ አገራችን የምታውቀው የሚያገረሽ ትኩሳትም በዘመዱ ባክቴሪያ የሚመጣ በመሆኑ ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል፤ ቂጥኝም እንዲሁ። ከኢትዮጵያ ሄዶ፣ ላይም በሚገኝባት በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖር ሰው እነዚህን ታሞ ከነበረ ለሐኪሙ ይንገር። የቤቱን ወሬ የሚነግረን አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የከበበው፣ ከወገብ የሚቀዳው ፈሳሽ ነው፤ ነጭ የደም ሴሎች መብዛታቸውን፣ አንቲቦዲውም ከደም ሾልኮ ሳይሆን እዚያው የተመረተ መሆኑን እናያለን። ይህም ቢሆን ጣጣ አለው፤ ሌባው ከሄደ ከዓመታት በኋላም ዘበኞቹ፣ ማለትም አንቲቦዲዎቹ፣ ላይበተኑ ይችላሉ።

በ2020 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ የላይም ሕክምና መመሪያ ለፊት ነርቭ፣ ለነርቭ ሥሮችና ለሽፋኑ ሕመም ከ14 እስከ 21 ቀን የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ያዛል፤ በአፍ የሚዋጠው ዶክሲሳይክሊን ሊበቃ ይችላል። ባክቴሪያው ቤቱ ውስጥ ሲገባ ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በደም ሥር ይሰጣል። «ለወራት ይቀጥል» የሚሉ፣ በደም ሥር የሚቀመጠው ቧንቧ ራሱ ለሌላ ኢንፌክሽን በር እንደሚከፍት አይናገሩም። ፊቱ የዛለበት ሰው ደግሞ አንጎሌ ተበላ ብሎ ከመጨነቁ በፊት ዓይኑ መከደኑን ይመልከት፤ ካልተከደነ ቀን ጠብታ ይጠቀም፣ ሌሊት ሸፍኖት ይተኛ።