የዳታ ጥሪ ተጨማሪ ክፍያ ምንድን ነው?

ጥቅል ገዝታችኋል እንበል። ዳታ አብርታችሁ በአንድ የመደወያ አፕ ለጓደኛ ትደውላላችሁ። የምታወሩት እያንዳንዱ ደቂቃ ከጥቅሉ ላይ ይቀነሳል። በዚህ ላይ «የደወላችሁት በሞባይል ዳታ ስለሆነ» ተብሎ ሌላ ሂሳብ ሲጠየቅ፣ እሱ ነው የዳታ ጥሪ ተጨማሪ ክፍያ። ጠያቂው አፑ ራሱ፣ የቴሌኮም ኩባንያው ወይም መንግሥት ሊሆን ይችላል።

አፑ ራሱ ሊያስከፍል ሞክሮ ያውቃል። እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ በአይፎን ላይ ስካይፕ በተባለው የመደወያ አፕ መደወል የሚቻለው ዋይፋይ ሲኖር ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ሜይ ወር ላይ በ3ጂም ተፈቀደ። የስካይፕ ኩባንያ ግን አንድ ነገር አስከተለ። በ3ጂ ከስካይፕ ወደ ስካይፕ መደወል ለጥቂት ወራት ነፃ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ አነስተኛ ወርሃዊ ክፍያ ይመጣል አለ። በዋይፋይ ለሚደውል ክፍያ የለም። ተጠቃሚው ቅር አለው። ጁላይ ላይ ኩባንያው ሐሳቡን ቀየረ፣ ክፍያውም ሳይጀመር ቀረ።

እኔ መቅረቱ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ምክንያቱ ጥሪው ከሚሠራበት መንገድ ይጀምራል።

ስንናገር ስልኩ ድምፃችንን ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፣ ይጨምቀዋል፣ ከዚያም ይቆራርጠዋል። ቁራጩ ፓኬት ይባላል፤ ብዙ ጊዜ አንዱ 20 ሚሊሰከንድ ያህል ድምፅ ይይዛል። ይህ ማለት በሰከንድ 50 ፓኬቶች ይላካሉ። እያንዳንዱ ፓኬት ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር 40 ባይት ያህል አድራሻና መረጃ ይሸከማል። ድምፁ በሰከንድ 24 ኪሎቢት ቢሆን፣ አድራሻው 16 ይጨምርበትና 40 ይሆናል። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ በደቂቃ ሲሰላ 300 ኪሎባይት ነው። ስናዳምጥም ያንኑ ያህል ስለምንቀበል ድምሩ 600 ይደርሳል። 100 ሜጋባይት ያለው ሰው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ያወራበታል። ይህን ሁሉ ዳታ ደግሞ በጥቅሉ ዋጋ ከፍሎበታል።

አፑስ ምን ያወጣል? ሁለቱን ስልኮች ማገናኘት አለበት። ብዙ ጊዜ ከተገናኙ በኋላ ድምፁ ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ ይሄዳል። በቀጥታ መገናኘት ካቃታቸው ድምፁ በሰርቨር በኩል ያልፋል፣ ሰርቨር ደግሞ ገንዘብ ይበላል። ይህ እውነተኛ ወጪ ነው፣ አልክደውም። ነገር ግን ለአፑ የማገናኘት ሥራው በዋይፋይም በሞባይል ዳታም ያው ነው። በአንዱ ነፃ፣ በሌላው በክፍያ ማድረግ ሰውየው ዋይፋይ የሌለው በመሆኑ ብቻ ማስከፈል ነው። ዋይፋይ የሌለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አቅሙ ያነሰው ሰው ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል።

ከአፕ ወደ መደበኛ ስልክ ቁጥር መደወል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጥሪው የሚገባበት የስልክ ኩባንያ ጥሪውን ለማስገባት በደቂቃ ሂሳብ ይጠይቃል፤ አፑም ያንን ይከፍላል። ስለዚህ ከደዋዩ ቢያስከፍል አግባብ ነው።

የኦፕሬተሮቹ፣ ማለትም የቴሌኮም ኩባንያዎቹ፣ ጥያቄ ከበድ ይላል። ማማውን የተከሉት እነሱ ናቸው፣ ከድምፅና ከአጭር መልእክት ያገኙት የነበረው ገቢም ቀንሷል። የኔዘርላንዱ ቴሌኮም ኬፒኤን በ2011 እንደ ዋትስአፕና ስካይፕ ላሉ አገልግሎቶች ለብቻ ሊያስከፍል ማሰቡን ሲያሳውቅ ቁጣ ተነሣ። ውጤቱ ካሰበው ተቃራኒ ሆነ፤ አገሪቱ በ2012 እንዲህ ያለውን አሠራር የሚከለክል ሕግ አጸደቀች። ይህን በሕግ በመደንገግ ከአውሮፓ የመጀመሪያዋ ነበረች፣ ከዓለም ደግሞ ቺሊ በ2010 ቀድማታለች። ሊባኖስ ውስጥ በኦክቶበር 2019 መንግሥት በኢንተርኔት ጥሪ ላይ በቀን 20 ሳንቲም የአሜሪካ ዶላር ሊጥል ነው ሲባል ሕዝቡ ያንኑ ዕለት አደባባይ ወጣ። ሐሳቡ ወዲያው ተሰረዘ። ሕዝቡ ግን ብዙ የተጠራቀመ ብሶት ስለነበረው ወደ ቤቱ አልተመለሰም፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳድ ሃሪሪም በዚያው ወር መጨረሻ ሥልጣን ለቀቁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። በ4ጂ ኔትወርክ ላይ፣ ቮልቲ በሚባለው አሠራር፣ የኦፕሬተሩ የራሱ የስልክ ጥሪም በፓኬት ነው የሚሄደው። እርግጥ ነው ለእሱ ጥሪ ኔትወርኩ ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ የአፑ ጥሪ ግን ከሌላው ዳታ ጋር ተጋፍቶ ነው የሚያልፈው። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ድምፁ የሚቆራረጠውም ለዚህ ነው። ቅድሚያ ላልተሰጠው ጥሪ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ በምን ሂሳብ ነው?

ማማ ለመትከልና ለመጠገን ገንዘብ ካነሰ፣ የዳታው ዋጋ በግልጽ ይስተካከል። ያኔ ብዙ የተጠቀመ ብዙ ይከፍላል። የአንድ ሰዓት የድምፅ ጥሪ ከላይ ባሰላነው መሠረት 36 ሜጋባይት ነው። ጥራት ያለው ቪዲዮ አንድ ሰዓት ማየት ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ኔትወርኩን የሚያጨናንቀው ቪዲዮው ሆኖ ሳለ ለይቶ ጥሪውን ማስከፈል፣ የሚፈለገው ማማውን መጠገን ሳይሆን የድሮውን የደቂቃ ገቢ መመለስ መሆኑን ያሳያል።