በመኪና ቀለም ቤቶች አደገኛ ቆሻሻን ከምንጩ መቀነስ

የመኪና አካል ጥገናና ቀለም ሥራ በአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ በአንድ ግቢ የሚያልቅ ሙያ ነው። ባትላሜራው የተጨረመተውን ላሜራ ያቃናል፤ ጎድጓዳውን የሚሞላ ስቱኮ ይቀባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ዝገት የሚከላከል አንቲራስት ይደረግበታል፤ ከዚያ ቀለሙ በኮምፕሬሰር ይረጫል። በየደረጃው የሚወጣ ቆሻሻ አለ፤ ዋናው ግን ቲነር ነው።

ቲነር እንደ ቶሉይንና ዛይሊን ያሉ ቶሎ የሚተኑና በቀላሉ እሳት የሚይዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ቀለም የቀጠነበት ወደ አየር ይተናል፤ የቀለም መርጫ የታጠበበት ደግሞ ቀለም አዝሎ ይቀራል። ይህ ዝቃጭ መሬት ላይ ሲደፋ አፈሩን ይበክላል፤ ቦይ ከገባም እንደ ቀበናና አቃቂ ወዳሉ ወንዞች ይወርዳል። በአቃቂ ውሃ ለከተማው ገበያ የሚቀርብ አትክልት ስለሚለማ፣ ጋራዡ የደፋው ነገር ከጋራዡ አጥር ውጭ ያለውን ሰው ሁሉ ይመለከታል።

ቅነሳው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅበት ቦታ የመርጫው እጥበት ነው። በመጀመሪያ በመርጫው ጽዋ የቀረው ቀለም ተጠርጎ ይወጣል። ቀጥሎ መርጫው ቀደም ሲል በተጠቀሙበት ቲነር ይታጠባል፤ ንጹሁ ቲነር የሚነካው ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ ነው፣ እሱም በትንሽ በትንሹ። የታጠበበት ፈሳሽ ክዳኑ በጠበቀ ቆርቆሮ ሲቀመጥ ቀለሙ ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራው ተቀድቶ ለሚቀጥለው የመጀመሪያ እጥበት ይውላል። እንዲህ የሚሠራ ቤት የቲነር ወጪው ራሱ ይቀንሳል። አቅም ያለው ጋራዥ ቲነሩን አትንኖ መልሶ የሚያጠራ ማሽን ይተክላል፤ ያኔ የሚጣለው ከታች የቀረው ዝቃጭ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ቅልቅሉ ነው። ሃርድነር (ቀለሙን የሚያጠጥር ፈሳሽ) የገባበት ቀለም በሰዓታት ውስጥ ስለሚጠጥር ለነገ አይተርፍም። በግምት ከመቀላቀል በሚዛን መመጠን፣ ቀለሙንም መጀመሪያ በትንሽ ቆርቆሮ ላይ ረጭቶ ከመኪናው ጋር ማመሳከር፣ የሚደፋውን ያስቀራል። ሃርድነሩ የያዘው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ለከባድ አስም የሚዳርግ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ተራ የአቧራ ጭንብል አያስቆመውም።

የመርጫው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። በከፍተኛ ግፊት የሚሠራው የቆየው መርጫ ከሚረጨው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ብዙ ጊዜ በአየር ላይ ያባክናል። ኤችቪኤልፒ የሚባለው፣ ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት የሚጠቀመው መርጫ ግን አፉ ላይ ግፊቱ ከ10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ስለማይበልጥ፣ በሠለጠነ እጅ 65 በመቶ ያህሉን ላሜራው ላይ ያሳርፋል። አሜሪካ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ደንብ እንደ እርሳስ፣ ክሮምየምና ካድሚየም ያሉ ብረቶች ያሉበትን ቀለም የሚረጩ ቤቶች ይህን መርጫ ወይም አቻውን እንዲጠቀሙ፣ ቀለም ቤቱ ውስጥ 98 በመቶውን ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ እንዲኖር፣ ቀቢዎችም እንዲሠለጥኑ አስገድዳለች። ነባር ቤቶች ይህን እንዲያሟሉ የተሰጣቸው ጊዜ እስከ ጥር 2011 (እ.ኤ.አ.) ነበር።

ኢትዮጵያም ባዶ እጇን አይደለችም። አዋጅ ቁጥር 1090 የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን ይቆጣጠራል፤ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስም ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ በደንብ ተወስኗል። ሆኖም ይህ የዛሬውን ቀለም እንጂ ከአሮጌ መኪና ላይ የሚታሸውን አይመለከትም። በውሃ ማሸት አቧራውን ቢያስቀርም ጭቃው ቦይ ከገባ ችግሩን ማዛወር ነው፤ ስለዚህ ተጠራቅሞ፣ ደርቆ ከዝቃጩ ጋር ይቀመጣል።

ትንሽ ጋራዥ ብቻውን የሚያጠራቅመው ዝቃጭ ጥቂት ነው። በአንድ ሰፈር ያሉ ጋራዦች ክዳንና ጽሑፍ ያለው በርሜል በጋራ ይዘው ፈቃድ ላለው አስወጋጅ ቢያስረክቡ ወጪውን ይካፈላሉ። ቲነር የነካው ጨርቅም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ እንጂ ጥግ ላይ ተከምሮ መዋል የለበትም። ባዶ ቆርቆሮ ለቆራሌው ከመሸጡ በፊት ደግሞ ውስጡ ተጠርጎ ይደርቅ፤ ቤት ወስዶ ውሃ የሚቀዳበት እንዳይኖር ሥሩ ይበሳ።