የአኒሜ ካምፒንግ ክፍሎች፦ የሚባለውና እውነታው

የትምህርት ቤት ሮማንቲክ ኮሜዲ አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) የሚያይ ሰው ይህን ክፍል ሳያውቀው አይቀርም። ጓደኛሞቹ አውቶቡስ ተሳፍረው ተራራ ይወጣሉ፣ አብረው ያበስላሉ፣ ማታ ጫካ ውስጥ ይፈራራሉ፣ እሳት ዙሪያ ይጨፍራሉ፣ አንዱ ፍቅሩን ሊናገር አፉን ሲከፍት ደግሞ ሦስተኛ ሰው ከተፍ ይላል። ስለዚህ ክፍል ብዙ ይባላል። ግማሹ ስህተት ነው።

«ፊለር ነው፣ ዝለለው»

በብዛት የምሰማው ይሄ ነው፣ በብዛት የሚያናድደኝም ይሄው። ፊለር ማለት አኒሜው የተሠራበትን ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ሮጦ እንዳይደርስበት ስቱዲዮው ከራሱ ፈጥሮ የሚያስገባው ታሪክ ነው። እንደ «ናሩቶ» ዓመት ከዓመት በየሳምንቱ በሚተላለፉት ላይ ሞልቷል። ሮማንቲክ ኮሜዲ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሲዝን 12 ወይም 13 ክፍል ብቻ ነው የሚሰጠው፤ እንኳን ሊጨምሩበት፣ ያለውንም ለማስገባት ይቆራርጡታል።

ከልብወለድ የተሠራውን «ኦሬጋይሩ»ን ተመልከቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን የመጀመሪያ ሲዝን። የካምፑ ታሪክ የልብወለዱ አራተኛ ቅጽ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ የአንደኛ ደረጃ ልጆችን ካምፕ ለማገዝ ይሄዳሉ፤ እዚያ ሩሚ የምትባል ልጅ ጓደኞቿ አግልለዋታል። ዋናው ገጸ ባሕሪ ሃቺማን የሚያመጣው መላ ክፉ ነው። ማታ በማስፈራሪያው ጨዋታ ላይ ትልልቆቹ ልጆች ዱርዬ መስለው መንገድ ይዘጉና «ግማሻችሁ ሂዱ፣ ግማሻችሁ ቅሩ፣ ማን እንደሚቀር ራሳችሁ ወስኑ» ይሏቸዋል። ሐሳቡ ልጆቹ እርስ በርስ ተካክደው ቡድኑ እንዲፈርስ ነው፤ ሁሉም ብቻውን ከቀረ የሚገለል አይኖርም። ልጆቹም መጀመሪያ የገፉት ያው ሩሚን ነበር፣ ከዚያ እርስ በርስ መወነጃጀል ጀመሩ። የገረመኝ የመጨረሻው ነው፦ ያቺ የተገለለችው ልጅ የካሜራዋን ፍላሽ ፊታቸው ላይ አብርታ፣ የከዷትን ልጆች ይዛ ትሮጣለች። ይህን ነው ዝለለው የሚባለው!

ስለ አምስት መንትያ እህትማማቾች የሚተርከው «ጎቶቡን ኖ ሃናዮሜ»ም ያው ነው። የ2019ኙ ሲዝን የሚቋጨው በካምፕ ነው። እሱን ከዘለላችሁ የቀረውን ለምን እንዳያችሁት አላውቅም።

«እንዲህ ዓይነት ካምፕ የለም፣ ወንድና ሴቱን ጫካ ውስጥ ለማገናኘት የተፈጠረ ነው»

አለ። ሪንካን ጋኮ ይባላል፤ የጃፓን ትምህርት ቤቶች ልጆችን ተራራ ወስደው የሚያሳድሩበት ፕሮግራም ነው። ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ የሆነ ሽርሽርም አይደለም፤ ውጭ አድሮ በጋራ መኖር ራሱ እንደ ትምህርት ይቆጠራል። ቡድኑ ገና ክፍል ውስጥ ሳሉ ይከፋፈላል። እንጨት የሚፈልጠው፣ ድንች የሚልጠው፣ ሩዝ የሚያጥበው አስቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ ገጸ ባሕሪያቱ «ማን ከማን ቡድን ይገባል» ብለው ሙሉ ትዕይንት ሲጨቃጨቁ ደራሲው ጊዜ እየገደለ አይደለም።

በ«ኦሬጋይሩ» ካምፑ የሚካሄድበት «ቺባ ሙራ» እንኳ የነበረ ቦታ ነው። የቺባ ከተማ ንብረት ሆኖ ሳለ የሚገኘው ግን ርቆ ጉንማ ክፍለ ሀገር፣ ሚናካሚ ተራሮች ውስጥ ነበር።

የተጋነነው ሌላ ነው። በእውነቱ ዓለም ወደዚህ ካምፕ በብዛት የሚሄዱት የአምስተኛ ክፍልና የመካከለኛ ደረጃ ልጆች ናቸው፣ አኒሜው ግን ለፍቅር እንዲመች የሁለተኛ ደረጃ ያደርጋቸዋል። ወንድና ሴት የሚያድሩበት የተለያየ ነው፣ መምህራን ማታ ይዞራሉ። ሁለቱ ብቻቸውን ጠፍተው ዝናብ ዋሻ ውስጥ የሚያስጠልላቸው ነገር፣ እሱ የደራሲው ነው።

«ሁልጊዜ ካሪ መብላታቸው የደራሲ ስንፍና ነው»

ስንፍና ሳይሆን እውነታው ነው፤ የጃፓን ትምህርት ቤት ካምፕ ምግብ ካሪና ሩዝ ነው። ካሪ በሜይጂ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1868–1912) በእንግሊዞች በኩል ገባ፣ የባሕር ኃይሉ ምግብ ሆነ፣ የትምህርት ቤት ምሳም ሆነ። ቅመሙ እንደ ቸኮሌት በካሬ ተከፋፍሎ ይሸጣል። ድንች፣ ካሮት፣ ሽንኩርትና ሥጋ ቀቅሎ እሱን ጣል ማድረግ ነው፣ በቃ። ሚጥሚጣ ለለመደ ሰው ግን ጣዕሙ ጣፋጭ ነገር ነው፣ ብዙ አትጠብቁ።

ፈተናው ሩዙ ላይ ነው። ሀንጎ በሚባል፣ ጎኑ ወደ ውስጥ በጎበጠ የወታደር ዕቃ ይበስላል። ሩዙ ታጥቦ ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ ከዚያ ዕቃው በእንጨት ተንጠልጥሎ እሳት ላይ ይሆናል። አረፋው ይገነፍላል። መንተክተኩ ሲያቆም አውጥተው በአፉ ይደፉትና በራሱ እንፋሎት እንዲበስል ይተዉታል። ክዳኑን መክፈት ክልክል ነው፤ ሕፃን ቢያለቅስም ክዳኑን አትንካ የሚል የቆየ አባባልም አላቸው። አኒሜው ላይ ችኩሉ ልጅ ሁሌ የሚያበላሸው ይህን ነው፣ ሩዙም ከሥር አሮ ከላይ ጥሬ የሚሆነው ለዚሁ።

«የማታው ማስፈራሪያ እጅ ለመያዝ ብቻ የተፈጠረ ሰበብ ነው»

ኪሞዳሜሺ ይባላል፣ ድፍረት መፈተኛ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆኖ በጨለማ መንገድ ሄዶ አንድ ምልክት ይዞ መመለስ። በጃፓን የመናፍስት ወሬ ወቅቱ በጋ ነው፤ በብዙ ቦታ በፈረንጆቹ ኦገስት አጋማሽ ላይ፣ እነሱ ጋ ሙቀቱ ሲበረታ፣ የሚውለው ኦቦን የሙታን መንፈስ ወደ ቤት የሚመለስበት በዓል ስለሆነ። ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ታሪክ ሙቀቱን ያስረሳል ይላሉ ደግሞ። እጅ መያዙን ደራሲዎች ይወዱታል፣ እሱን አልክድም።

የእሳት ዙሪያው ጭፈራም እንዲሁ ነው። ኦክላሆማ ሚክሰር የሚባለውን ጃፓን ተምሮ ያደገ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ በየዙሩ ጥንዱ ይቀያየራል። ልጁ የሚወዳት ተራ ሊደርስ አንድ ሰው ሲቀረው ሙዚቃው ያልቃል። ይህ ቀልድ ከዳንሱ አሠራር ራሱ የመጣ ነው። «ጎቶቡን» ላይ በመጨረሻው ሰዓት እጅ ለእጅ የተያያዙ ለዘላለም ይጣመራሉ የሚለው አፈ ታሪክ ግን የደራሲው ነው፣ ዋናው ገጸ ባሕሪ የሆነው ልጅም በሰዓቱ ታሞ ተኝቶ አምስቱም እህትማማቾች አንዳንድ ጣቱን ይይዙለታል። ብልጥ ደራሲ!

«ዓይን አፋር ስለሆኑ ነው ፍቅራቸውን የማይናገሩት»

ዓይን አፋርነት አለ፣ ግን ዋናው እሱ አይደለም። በጃፓን ወጣቶች ዘንድ ፍቅርን መግለጽ፣ ኮኩሃኩ የሚሉት፣ ግንኙነቱ በይፋ የሚጀመርበት ነው። «እወድሻለሁ፣ አብረን እንሁን» ይባላል፣ እሺ ወይ እምቢ ይመለሳል። አንዴ ከተባለ «ይሆኑ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ አለቀ። ማንጋው በየሳምንቱ መጽሔት ላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ አንባቢውን የያዘው ያ ጥያቄ ነው። አርታኢም ደራሲም እንዲህ ቶሎ አይለቁትም፤ ስለዚህ ካምፑ ላይ ልጁ አፉን ሲከፍት ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ።