ቅባት በሴል ጓዳ፦ አሠራሩ፣ ጉዞውና በሽታው

ባሕር ዳር ገበያ ቅቤ የሚሸጡ እናቶች ጋ ጠዋትና ከሰዓት ብትሄዱ፣ ያው ቅቤ ሁለት መልክ አለው። ጠዋት ጠንከር ይላል። ፀሐይ ስትበረታ ይለሰልስና ዳር ዳሩ ይቀልጣል። በጠርሙስ የሚሸጠው የኑግ ዘይት ግን ጠዋትም ማታም ፈሳሽ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከፋቲ አሲድ ቅርጽ ነው። ፋቲ አሲድ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ነው። በቅቤ ውስጥ ያለው አብዛኛው ቀጥ ያለ ስለሆነ ተጠጋግቶ ይረጋል። የኑጉ የታጠፈ ስለሆነ መጠጋጋት አይሆንለትም።

ሴሎቻችንም የሚኖሩት በዚሁ ሕግ ነው። ቅባት፣ በሳይንሱ ስም ሊፒድ፣ ሲነሣ ብዙ ሰው ቦርጭ ብቻ ይታየዋል። እኔ ግን መቅደም ያለበት የሴል ሽፋን ነው እላለሁ። ሽፋኑ ፎስፎሊፒድ ከሚባል ቅባት የተሠራ ነው። የፎስፎሊፒድ ራሱ ውሃ ይወዳል፣ ጭራው ውሃ ይሸሻል። ስለዚህ ጭራና ጭራቸውን ወደ ውስጥ አዙረው፣ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ግድግዳ ይሆናሉ። ያለዚህ ግድግዳ ሴል የለም። የጣና ቆሮሶ የሰውነቱ ሙቀት ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ውሃው ሲቀዘቅዝ የዓሣው ሴሎች የታጠፈውን ፋቲ አሲድ ይጨምራሉ፣ ሽፋናቸው እንዳይረጋ።

አሠራሩን ከእንጀራ እንጀምር። የጤፉ ስታርች ተፈጭቶ ግሉኮስ ይሆናል። ለጊዜው የማያስፈልገው በጉበት ሴል ውስጥ አሴቲል ኮኤ ወደሚባል ትንሽ ሞለኪውል ይለወጣል። ከዚያ አንድ ኢንዛይም በየዙሩ ሁለት ሁለት ካርቦን እየቀጠለ 16 ላይ ያደርሰዋል። ፓልሚቲክ አሲድ የሚባለው ይህ ነው። ቀጣዩ እርማት ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚባለው የሴሉ ክፍል ውስጥ ይደረጋል። እዚያ ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ መታጠፊያም ይገባለታል።

የሰው ሴል ግን እዚህ ላይ አቅሙ ውስን ነው። ከሰንሰለቱ ራስ ሲቆጠር ከ9ኛው ካርቦን ወዲያ መታጠፊያ ማስገባት አይችልም። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ መታጠፊያ ያለውን ሊኖሌይክ አሲድን ከምግብ ካላገኘ ከየትም አያመጣውም። ከኑግ ዘይት ከግማሽ በላዩ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። በጾም ወራት ሽሮው ላይ የሚጨመረው ዘይት ለሴል የማይተካ ነገር ይዞ ይመጣል ማለት ነው።

ኮሌስትሮል ሌላ ታሪክ አለው። ሴል ራሱ ይሠራዋል። ለሽፋኑም፣ ለሆርሞኖችም፣ ለሐሞትም ያስፈልገዋል። በ1973 ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ከሻጋታ ባገኘው ንጥረ ነገር የኮሌስትሮልን አሠራር ማገድ እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጡት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች፣ ስታቲኖች፣ የዚያ ግኝት ልጆች ናቸው።

የተሠራው ቅባት ካለበት ቦታ እንዴት ይሄዳል? ደም ውሃ ነው፣ ቅባትና ውሃ ደግሞ አይስማሙም። በጣና ላይ እህሉም እንጨቱም ሳይርስ የሚሻገረው በደንገል ታንኳ ነው። ለቅባት ታንኳው ሊፖፕሮቲን ነው፤ ውጭው ውሃ የሚወድ፣ ሆዱ ቅባት የጫነ። ከአንጀት የሚነሣው ካይሎማይክሮን ይባላል። ከጉበት የሚነሣው ጭነቱን እያራገፈ ይሄድና በመጨረሻ ኮሌስትሮል የሚሸከመው ኤልዲኤል ይሆናል። ኤልዲኤልን የሚቀበል ወደብ በሴሎች ላይ እንዳለ ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው። በ1985 ኖቤል ተሸለሙ። ከሁለቱም ወላጆቻቸው የተበላሸ ወደብ የወረሱ ልጆች ኮሌስትሮሉ ደማቸው ውስጥ ይከማችና ገና በልጅነታቸው የልብ ሕመም ሊይዛቸው ይችላል።

እስከ 9 ሰዓት የጾመ ሰው ሰውነት ውስጥ ጉዞው ይገለበጣል። የደም ስኳርን የሚያወርደው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ ሲቀንስ የስብ ሴሎች ያከማቹትን ይለቃሉ። ፋቲ አሲዱ አልቡሚን በሚባል ፕሮቲን ታዝሎ ወደ ጡንቻና ጉበት ይሄዳል። ጤነኛ ሰው ይህን በደንብ ይችለዋል። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ግን ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ ይህን አደራ እላለሁ።

አብዛኛው የቅባት በሽታ ቦታውን የሳተ ቅባት ነው። ደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ያጠባል። ከመጠን ባለፈ ምግብ ወይም በአረቄ ብዛት ጉበት ውስጥ ሲከማች ጉበቱን ያቆስላል። ጎሼ በሚባለው የውርስ በሽታ ደግሞ አንድ ቅባት ፈጪ ኢንዛይም ይጎድልና ያልተፈጨው ቅባት ጣፊያን ያሳብጣል።

ጣፊያ ካበጠ ዘንድ፣ ከጣና ምሥራቅ ያሉ ወገኖች ጣፊያን የሚያሳብጠውን የተውሳክ በሽታ፣ ካላዛርን ያውቁታል። በ2005 ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ነበር። የካላዛር ተውሳክ በሽፋኑ ውስጥ በኮሌስትሮል ፋንታ ኤርጎስቴሮል አለው። አምፎተሪሲን የተባለው መድኃኒት ያንን ይዞ ሽፋኑን ይበሳል። ነገር ግን መድኃኒቱ ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ ሊፖሶም በሚባል ደቃቅ የቅባት ከረጢት ተጠቅልሎ ሲሰጥ ጉዳቱ በጣም ይቀንሳል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፦ የተውሳኩን ቅባት የሚመታው መድኃኒት ራሱ በቅባት ተጭኖ መሄዱ።

በሐይቁ ዳር የሚዋኙ ልጆችን የሚይዘው የቢልሃርዚያ ትልም በቅባት ጉዳይ ጥገኛ ነው። ፋቲ አሲድም ሆነ ኮሌስትሮል ከመሠረቱ መሥራት አይችልም። በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ተቀምጦ ከእኛው ደም ይወስዳል። ሴቷ ትል በቀን 300 ገደማ እንቁላል የምትጥለው በዚያው ቅባት ነው። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ትሉን ይገድለዋል። ወደዚያው ውሃ የተመለሰ ልጅ ግን እንደገና ሊያዝ ይችላል።