«ፋርማሲስት ከመስኮት ጀርባ ነው» እና ሌሎች የጡት ካንሰር ሕክምናን የሚያሰናክሉ አመለካከቶች

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች በብዛቱ ቀዳሚው ነው። ከመንዝ፣ ከእነዋሪ፣ ከሸዋ ሮቢት ለምርመራ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጡ እናቶች አብዛኛውን መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ቤታቸው ገብተው፣ ጠያቂ በሌለበት ነው። ፋርማሲስት ከሐኪሙና ከነርሷ ጎን ሆኖ መድኃኒታቸውን በሙሉ የሚከታተልበት አሠራር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አሠራሩ ሲነሳ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች ግን አሉ።

«የፋርማሲስት ሥራ መድኃኒት ማቀበል ነው።»

የኬሞቴራፒ (የካንሰር ሴሎችን የሚያጠፋው መድኃኒት) መጠን በታካሚዋ ቁመትና ክብደት ይሰላል፤ ክብደቷ በጉልህ ከቀነሰ ስሌቱ ይከለሳል። ዶክሶሩቢሲን የተባለው መድኃኒት ልብን ሊጎዳ ስለሚችል አንድ ሰው በዕድሜ ዘመኑ የሚወስደው ድምር መጠን ገደብ አለው። ይህን ድምር ከዙር ወደ ዙር መያዝ፣ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት የደም ምርመራውን ማየት፣ የማስታወክ መከላከያው መታዘዙን ማረጋገጥ የፋርማሲስት ሙያ ነው።

«ታዲያ ሐኪም ያዘዘውን ሊሽር ነው?» የለም። ችግር ካየ ለሐኪሙ ያስረዳል፤ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

«የካንሰር መድኃኒቴን ብቻ ባሳይ ይበቃል።»

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አንዲት የመሐል ሜዳ እናት ፌስታላቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ እንበል፤ ለጡት ካንሰር የሚዋጠው ታሞክሲፌን፣ የደም ግፊት ኪኒን፣ ከገበያ የተገዛ የተፈጨ ቅጠል፣ ከሌላ ሐኪም ለድብርት የታዘዘ ፍሉኦክሰቲን። ታሞክሲፌን በደንብ የሚሠራው ጉበት ከለወጠው በኋላ ነው፤ ፍሉኦክሰቲን ደግሞ ይህን ለውጥ የሚያካሂደውን ኢንዛይም ይገታል። ሁለቱ ሐኪሞች ካልተገናኙ ይህን የሚያየው ፌስታሉን የሚፈትሸው ሰው ነው። መፍትሔው የድብርቱን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቆም አይደለም፤ ሐኪሙ ሊቀይርላቸው የሚችል ሌላ አለ። ቅጠሉንም መደበቅ አያስፈልግም። የሚቆጣ ባለሙያ ካለ ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ ታካሚ የሚደብቀው ቁጣን ፈርቶ ነውና።

«ጸበል የገባ መድኃኒት አይነካም፤ ጾመኛም አይውጥም።»

በጸበሏ የታወቀችው ጻድቃኔ ማርያም ባለችበት አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት በተስፋፋበት ዘመን የቤተ ክርስቲያኒቱ አባቶች ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በአደባባይ መክረዋል፤ ለካንሰርም ያው ነው። ስለ ጾሙ ደግሞ፣ ታሞክሲፌን በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። ስለዚህ ጾመኛዋ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ሙስሊሟ እህታችንም ስታፈጥር፣ በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት ልትውጠው ትችላለች። ካፔሲታቢን የተባለው የሚዋጥ ኬሞቴራፒ ግን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ምግብ በተበላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ ነው፤ እርሱን የምትወስድ ታካሚ ጾም ከመግባቱ በፊት ከፋርማሲስቱና ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር።

«ሕመሙ ከጠፋ ኪኒኑ ይቆማል።»

ታሞክሲፌን ለ5 ዓመት፣ ለአንዳንዶች እስከ 10 ዓመት ይታዘዛል። ሥራው ሕመም ማስታገስ ሳይሆን የተረፉ የካንሰር ሴሎች ኤስትሮጅን በተባለው የሴት ሆርሞን እንዳያድጉ መከልከል ነው። ብዙዎች የሚያቋርጡት ድንገት ሰውነታቸውን በሚያግለው ወላፈን፣ ሌሊት በሚያጠምቃቸው ላብ ተማርረው ነው። ይህን ለፋርማሲስቱ መናገር ያሳፍራል ብለው ዝም ይላሉ፤ መላ ግን አለው። አንድ እግር ማበጥ፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም ያልተለመደ የማሕፀን ደም ካለ ግን በአስቸኳይ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ጽንስን ስለሚጎዳ እየወሰዱ ማርገዝም አይገባም።

«ሽንቴ ቀላ፤ ደም ነው።» ዶክሶሩቢሲን ራሱ ቀይ ነው። መርፌው በተሰጠ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጠራል፤ ከዚያ ካለፈ ያሳዩ።

«ለትኩሳት ፓራሲታሞል ውጦ ማደር ነው።»

በኬሞቴራፒ ላይ ላለች ሴት ይህ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ከመርፌው በኋላ ባሉት አንድና ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች በጣም ስለሚያንሱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ድንገተኛ ሕመም ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ይሸሽገዋል፤ ኢንፌክሽኑ ግን ይቀጥላል። ስለዚህ ፋርማሲስቱ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር መኖሩን፣ ሌሊት የሚደወልበት ስልክ መያዙን፣ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ምን ያህል እንደሚርቅና በዚያ ሰዓት ማን እንደሚያደርሳት ይጠይቃል።